ፕሮግራሙ ሲገደል ካርዱን ማን ይለቃል? የአንድ መረጃ መቀበያ ካርድ ከርነል ሞጁል ግምገማ

የምገመግመው ዕቃ ከንዝረት ዳሳሾች የሚመጣን መረጃ ተቀብሎ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ባለ 4 መግቢያ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ካርድ ነው። ኤሌክትሮኒክሱን በአጭሩ አልፌ አብዛኛውን ቦታ ከካርዱ ጋር ለሚመጣው የሊኑክስ ከርነል ሞጁል፣ ማለትም በስርዓተ ክወናው እምብርት (በከርነሉ) ውስጥ ገብቶ ካርዱን ለሚያዝ ድራይቨር፣ እሰጣለሁ፤ በሥራ ላይ ያስቸገረኝም ኋላም ያስደሰተኝ እርሱ ነውና። አምራቹን በስም አልጠራም። የማነሣውን ጉድለት በተለያዩ አምራቾች ድራይቨሮች ውስጥ ደጋግሜ ስላየሁት፣ አንባቢው በእጁ ያለውን ማንኛውንም ካርድ በዚሁ መንገድ ቢፈትሽ እመርጣለሁ።

ስለ ካርዱ ይህን ያህል ይበቃል፦ ልኬቱ የተረጋጋ ነው፤ አራቱም መግቢያዎች በአንድ ሰዓት ቆጣሪ ስለሚመሩ በመካከላቸው የጊዜ መዛነፍ አላየሁም፤ ለቀናት ያለማቋረጥ ሲሠራም ናሙና ሲያመልጠው አልታዘብኩም። ሞጁሉ ከነምንጭ ኮዱ ስለሚሰጥ ማንም በራሱ ከርነል ላይ ሊገነባው ይችላል። ይህን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከዚህ በታች የምለውን ለማለት የበቃሁት ኮዱን መስመር በመስመር ስላነበብኩት ነው።

አንድ ፕሮግራም ካርዱን ሊጠቀም ሲፈልግ ሊኑክስ መሣሪያዎችን እንደ ፋይል በሚያሳይበት በዴቭ ማውጫ ሥር ያለውን የካርዱን ፋይል ይከፍታል፤ ከዚያም ለድራይቨር ትእዛዝ በሚላክበት በአይኦክትል ጥሪ ልኬት እንዲጀመርለት ያዛል። በዚህ ጊዜ ሞጁሉ በፕሮግራሙ ስም ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ በካርዱ ላይ ካሉት 8 የዲኤምኤ ቻናሎች (መረጃን በቀጥታ ወደ ማኅደረ ትውስታ የሚያሻግሩ መስመሮች) አንዱን፣ ካርዱ ያለ ፕሮሰሰሩ እርዳታ በቀጥታ የሚጽፍበትን የ16 ሜጋባይት ባፈር፣ እንዲሁም ይህንን ሁሉ የሚያስታውስበትን አነስተኛ መዝገብ። ፕሮግራሙ ለራሱ የወሰደውን ማኅደረ ትውስታ በሚሞትበት ጊዜ ከርነሉ ሳይጠየቅ ይሰበስባል። ሞጁሉ በከርነሉ ውስጥ የያዘውን ግን ከርነሉ የማን እንደሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሞጁሉ ብቻ ስለሆነ መልሶ መልቀቅም የእርሱ ፋንታ ነው። እንግዲህ የዚህን ዕቃ ጥራት የለካሁት በዚህች አንዲት ጉዳይ ነው።

የመጀመሪያውን ስሪት እንደጫንኩ ልኬቱ በትክክል መጀመሩንና ማብቃቱን አረጋገጥኩና፣ ቀጥዬ ፕሮግራሙን በልኬት መካከል በ9 ቁጥር ሲግናል (ከርነሉ ለፕሮግራም በሚያደርሰው መልእክት)፣ ማለትም በግድ በሚገድለው በሲግኪል ገደልኩት። እንደገና አስነሣሁት፤ ሠራ። እንደገና ገደልኩት። እንዲህ ስምንት ጊዜ ከገደልኩት በኋላ በዘጠነኛው «ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» (መሣሪያው ተይዟል) የሚል ስሕተት ተመለሰልኝ። ኤልኤስኦፍ በተባለው መሣሪያ ስመለከት ፋይሉን የከፈተ አንድም ፕሮግራም የለም፤ በካርዱ ላይ የቻናሎቹን መያዝ የሚያሳዩት ስምንቱም መብራቶች ግን ይበራሉ፤ ነፃ ማኅደረ ትውስታውም ከመነሻው በ128 ሜጋባይት ያህል ቀንሷል። ስምንት ሙት ፕሮግራሞች ስምንት ቻናል ይዘው ቀርተዋል ማለት ነው፤ ካርዱም ማንም ወደማያነበው ባፈር መጻፉን ቀጥሏል።

ምክንያቱ በኮዱ ውስጥ ግልጽ ሆኖ ተቀምጧል። ጸሐፊዎቹ የማጽዳቱን ሥራ በሙሉ አብሮ ለሚመጣው፣ በተጠቃሚው ፕሮግራም ውስጥ ለሚሠራው ላይብረሪ ሰጥተውታል፤ ላይብረሪውም አትኤግዚት በተባለው መንገድ ፕሮግራሙ ሲወጣ የሚጠራ ፈንክሽን አስመዝግቦ፣ በዚያ ውስጥ «ልኬት አቁም» የሚለውን የአይኦክትል ጥሪ ያደርጋል። ፕሮግራሙ በሥርዓት ተሰናብቶ ሲወጣ ይህ እንከን የለውም። ነገር ግን ሲግኪል የሚደርሰው ፕሮግራም አንዲት መስመር እንኳ ለማስኬድ ዕድል አያገኝም፤ ሲግናሉን መያዝም ሆነ ማዘግየት አይችልም። ሕገወጥ አድራሻ ነክቶ በ11 ቁጥር ሲግናል የወደቀም፣ ሲግናሉን የሚይዝ ፈንክሽን ካላዘጋጀ፣ በአትኤግዚት ያስመዘገበው ሳይጠራለት ይሞታል። ማኅደረ ትውስታ ሲያልቅም ከርነሉ ራሱ አንዱን ፕሮግራም መርጦ በሲግኪል ይገድላል፤ ያኔ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በራሱ ስም ብዙ ማኅደረ ትውስታ የያዘው ነው፤ እንዲህ ያለ የልኬት ፕሮግራምም ሊሆን ይችላል። በሞጁሉ ውስጥ የፋይሉ መዝጊያ የሆነው ሪሊዝ የተባለው ፈንክሽን ደግሞ አንድ የምዝገባ መልእክት ጽፎ ዜሮ ከመመለስ ያለፈ አንዳች አይሠራም ነበር።

በዚሁ ስሪት ሌላም ከባድ ስሕተት ነበረ። የፋይል ፈንክሽኖቹን በሚዘረዝረው ስትራክቸር ውስጥ የሞጁሉ ባለቤትነት የሚጻፍበት መስክ ባዶ ተትቶ ስለነበር፣ ፋይሉ ተከፍቶ ሳለ እንኳ የተጫኑ ሞጁሎችን የሚዘረዝረው ኤልኤስሞድ የተጠቃሚዎቹን ቁጥር ዜሮ ብሎ ያሳያል፤ ሞጁል የሚያወጣው ትእዛዝ አርኤምሞድም ሞጁሉን ያለተቃውሞ ያወጣል። የተያዙትን ቻናሎች ለማስለቀቅ ሞጁሉን አውጥቼ ልመልስ ስል አንድ ፕሮግራም ገና ካርዱን እንደከፈተ መሆኑን አላስተዋልኩም። እርሱ ሲዘጋ ከርነሉ ወደ ተነሣ ኮድ ዘለለ፤ ማሽኑም በዚያው ደረቀ። የአንድ መስመር መዘንጋት ይህን ያህል ያስከፍላል፤ በሽያጭ ላይ ባለ ዕቃ ውስጥ መገኘቱም አሳዝኖኛል።

ቅሬታዬን ከላክሁ በኋላ የመጣው ሁለተኛው ስሪት የባለቤትነቱን መስክ ሞልቶታል፤ ዋናውን ችግር ግን በተሳሳተ መንገድ ሊፈታው ሞክሯል። ሞጁሉ ልኬት የጀመረውን ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) መለያ ቁጥር ይመዘግባል፤ ከዚያ በየ5 ሰከንዱ አንድ የሰዓት ቆጣሪ እየተነሣ ያ ቁጥር ያለው ፕሮሰስ በሕይወት መኖሩን ይጠይቃል፤ ከሌለ የያዘውን ይለቅለታል። በመጀመሪያ ሲታይ ብልህ ይመስላል፤ ለጥቂት ቀናትም እኔን ሳይቀር አሳምኖኝ ነበር። ሆኖም የፕሮሰስ ቁጥር ተመልሶ ለሌላ ይሰጣል። ብዙ አዳዲስ ስርጭቶች ከፍ ቢያደርጉትም በከርነሉ መነሻ ቅንብር የቁጥሩ ጣሪያ በአብዛኛው 32768 ስለሆነ፣ ይህ ቅንብር ባልተለወጠበትና በየሰከንዱ ትንንሽ ትእዛዞችን በሚያስነሣ ማሽን ላይ ቁጥሮቹ ዞረው እስኪመለሱ ብዙ አይቆዩም፤ የሞተውን ፕሮግራም ቁጥር አንድ የማይመለከተው ፕሮግራም ሲይዘው ቻናሉ «ባለቤቱ በሕይወት አለ» ተብሎ ተይዞ ይቀራል። በተጨማሪም የልኬቱን ፕሮግራም ሲወድቅ ወዲያው የሚያስነሣ ጠባቂ ፕሮግራም ካለ፣ ቆጣሪው እስኪደርስ ባለው ክፍተት አዲሱ ፕሮግራም ቻናል አጥቶ ይወድቃል፤ ጠባቂውም ደግሞ ያስነሣዋል፤ እንዲህ እየተባለ ሲወድቅና ሲነሣ ይቆያል።

በዚሁ ስሪት ውስጥ አንድ ረቂቅ ስሕተት ስላገኘሁ ለድራይቨር ጸሐፊዎች ሳልጠቅሰው አላልፍም። ለእያንዳንዱ ልኬት የሚያዘው አነስተኛ መዝገብ ዴቭኤም በሚል ቅድመ ስም ከሚታወቁት ፈንክሽኖች በአንዱ ይያዝ ነበር። ከ2007 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ያሉት እነዚህ ፈንክሽኖች እጅግ ጠቃሚ ናቸው፤ በእነርሱ የተያዘ ነገር ሁሉ በራሱ ይለቀቃል። የሚለቀቀው ግን ድራይቨሩ ከካርዱ ሲለያይ እንጂ ፕሮግራሙ ፋይሉን ሲዘጋ አይደለም። ስለዚህ ካርዱ ለወራት ሳይነቀል በሚሠራበት ማሽን ላይ የያንዳንዱ ልኬት መዝገብ በመዝገብ ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። ኬሜምሊክ የተባለው የከርነሉ የፍሳሽ መፈለጊያ ደግሞ ይህንን አያየውም፤ መዝገቦቹ በካርዱ ዝርዝር ላይ ታስረው ስለሚገኙ የጠፋ ነገር የለም ብሎ ያልፋል። የደረስኩበት ከርነሉ ለትንንሽ ነገሮች የያዘውን ማኅደረ ትውስታ የሚያሳየውን የስላብ ዝርዝር ጠዋትና ማታ አነጻጽሬ ነው።

ትክክለኛው ቦታ የቱ ነው? ከርነሉ ለድራይቨር ጸሐፊ የሰጠው አንድ ጽኑ ዋስትና አለ። ፕሮሰስ በምንም መንገድ ይሙት፣ በራሱ ፈቃድ ወጥቶም ሆነ ተገድሎ፣ ከርነሉ የመውጫውን ሥርዓት ሲያካሂድ የከፈታቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ይዘጋለታል። እያንዳንዱ የተከፈተ ፋይል በከርነሉ ውስጥ የማጣቀሻ ቆጣሪ ያለው አካል ነው፤ ቆጣሪው ዜሮ ሲደርስ የሞጁሉ ሪሊዝ ፈንክሽን ይጠራል፤ የሚጠራውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ጸሐፊው ፕሮሰሶችን ማደን፣ መለያ ቁጥር መመዝገብ፣ ቆጣሪ ማስነሣት አያስፈልገውም። ፋይሉ ሲከፈት ለዚያ መክፈቻ ብቻ የሚሆን መዝገብ ይይዝና ፕራይቬት ዳታ በተባለው መስክ ላይ ያንጠለጥለዋል፤ በዚያ ፋይል በኩል የተወሰደውን ሁሉ በዚያ መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ሪሊዝ ሲጠራ መዝገቡን አንብቦ ሁሉንም ይመልሳል። ላይብረሪው «ልኬት አቁም» ቢል መልካም፣ ባይልም ሥራው አይቀርም።

ሦስተኛው ስሪት ይህንኑ አድርጓል፤ በደንብም አድርጎታል። በተለይ የማጽዳቱን ቅደም ተከተል ሳነብ ደስ አለኝ። ባፈሩን ከመልቀቁ በፊት በመጀመሪያ ቻናሉን እንዲቆም ያዝዛል፤ ከዚያ ካርዱ መቆሙን በራሱ ሬጅስተር (ሁኔታውን በሚያሳውቅበት በካርዱ ላይ ባለ ቦታ) እስኪያረጋግጥ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ በሌላ የፕሮሰሰር ኮር ላይ እየሠራ ያለ የኢንተራፕት ፈንክሽን (ካርዱ ፕሮሰሰሩን ሲጠራ የሚሠራ ኮድ) ካለ እስኪጨርስ ይታገሣል፤ ባፈሩን የሚለቀውም መዝገቡንም የሚያነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ተራ ቢገለበጥና ባፈሩ ካርዱ ሳይቆም ቢለቀቅ፣ ከርነሉ ያንን ማኅደረ ትውስታ ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ካርዱም የንዝረት ቁጥሮችን በሌላ ፕሮግራም መረጃ ላይ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ብልሽት የሚታየው ከምንጩ ርቆ፣ ከሰዓታት በኋላ፣ ካርዱን ጨርሶ በማይነካ ፕሮግራም ውስጥ ስለሆነ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ ነው።

ይህን ስሪት በ1000 ዙር ፈተንኩት፤ በየዙሩ ፕሮግራሙ ልኬት ይጀምራል፣ በዘፈቀደ በተመረጠ ቅጽበት በሲግኪል ይገደላል፣ ወዲያውም ይተካል። በመጨረሻው ዙር ላይ 8ቱም ቻናሎች ነፃ ነበሩ፤ ማኅደረ ትውስታውም ወደ መነሻው ተመልሷል። ኬሜምሊክም ምንም አላገኘም፤ ሆኖም ይህ መሣሪያ በገጽ ደረጃ በቀጥታ የሚያዝ ማኅደረ ትውስታን ስለማይከታተል፣ ለትልልቆቹ ባፈሮች የታመንኩት በቻናል ቆጠራውና በነፃ ማኅደረ ትውስታው ንባብ ነው። አንባቢም በእርሱ ብቻ እንዳይረካ እመክራለሁ።

በፈተናው መካከል ሁለት ጊዜ የሞጁሉ ጥፋት የመሰለኝ ነገር ገጥሞኝ ሁለቱም የእኔ ሆነው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ፋይሉን በክሎዝ ከዘጋ በኋላ እንኳ ቻናሉ አለመለቀቁ ነው። ፕሮግራሙ ባፈሩን በኤምማፕ ወደ ራሱ የአድራሻ ክልል አስገብቶት ነበር፤ እንዲህ ያለው ትስስር ራሱ የፋይሉን ማጣቀሻ ስለሚይዝ፣ ትስስሩ እስኪነሣ ድረስ ሪሊዝ አይጠራም። ይህ ትክክል ነው፤ ባይሆን ኖሮ ፕሮግራሙ እያነበበው ያለ ባፈር ከእጁ ይነጠቅ ነበር። ፕሮሰሱ ሲሞት ትስስሩም ፋይሉም ስለሚነሡ ሪሊዝ መምጣቱ አይቀርም፤ ከርነሉ ግን የአድራሻ ክልሉን የሚያፈርሰው ፋይሎቹን ከመዝጋቱ በፊት በመሆኑ፣ በሪሊዝ ውስጥ የሟቹን ማኅደረ ትውስታ ለማንበብ ወይም ለመጻፍ የሚሞክር ኮድ መኖር የለበትም። በዚህ ሞጁል ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ይበልጥ አደናግሮኛል። ፕሮግራሙን ገደልኩት፣ ቻናሉ ግን እንደተያዘ ቀረ። ሞጁሉን ልከስስ ተነሥቼ ኤልኤስኦፍን ስጠይቅ፣ የካርዱን ፋይል የያዘው የልኬቱ ፕሮግራም ለማስታወቂያ ያስነሣው አንድ ትንሽ ስክሪፕት ሆኖ አገኘሁት። ልጅ ፕሮሰስ የወላጁን ክፍት ፋይሎች ስለሚወርስ ወላጁ ቢሞትም የፋይሉ ማጣቀሻ ቆጣሪ ዜሮ አልደረሰም። መፍትሔው ከተጠቃሚው ፕሮግራም በኩል ነው፤ ፋይሉ ሲከፈት ክሎዝ ኦን ኤግዜክ የሚለውን ምልክት መስጠት፣ ልጁ ሌላ ፕሮግራም ሆኖ በሚነሣበት ቅጽበት ፋይሉን ያዘጋዋል። በዚህ ረገድ አምራቹን የምወቅሰው ከካርዱ ጋር የላከው ምሳሌ ፕሮግራም ይህን ምልክት ስለማይጠቀም ነው፤ ብዙ ተጠቃሚ ከምሳሌው ገልብጦ ይጀምራልና። ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ሪሊዝ የሚጠራው ፋይሉን በከፈተው ፕሮሰስ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በሪሊዝ ውስጥ «አሁን ያለው ፕሮሰስ ማን ነው» ብሎ የሚጠይቅ ድራይቨር የተሳሳተ መልስ ያገኛል። ሦስተኛው ስሪት በምዝገባ መልእክቱ ላይ የሚጽፈው በመክፈቻው ጊዜ ያስቀመጠውን መለያ ነው፤ ይህን ትንሽ ጥንቃቄ ወድጄዋለሁ።

የመማሪያ ሰነዱ አጭርና ግልጽ ነው፤ ስለ ፕሮግራም መገደል ግን አንድ አንቀጽ እንኳ የለውም። የአምራቹ መሐንዲሶች ለጻፍኩት ሁሉ መልስ ሰጥተውኛል፤ ከሁለተኛው ስሪት በኋላ መንገዳቸውን በሙሉ ለመለወጥ መድፈራቸውንም አከብራለሁ።

በሞጁሉ ውስጥ የቀረው ጉድለት አንድ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። ሪሊዝ ካርዱ መቆሙን እስኪያረጋግጥ የሚጠብቀው ያለ ጊዜ ገደብ ነው። ካርዱ በኃይል መቋረጥ ወይም በሌላ ምክንያት መልስ መስጠት ቢያቆም፣ እየሞተ ያለው ፕሮሰስ በፒኤስ (የፕሮሰሶች) ዝርዝር ላይ ዲ የሚል፣ በሲግናል የማይቋረጥ ጥበቃን የሚያሳይ ምልክት ይዞ በዚያው ይቆማል፤ ሲግኪል ደግሞ ደጋግሞ ቢላክም አይነካውም፤ ማሽኑን እንደገና ከማስነሣት በቀር ማምለጫ የለም። ካርዱን ሳላቀናጅ ከስሎቱ አላቅቄ ይህን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። አንዳንዶች መጠበቁን በሲግናል የሚቋረጥ በማድረግ ሊፈቱት ያስባሉ፤ እኔ አልስማማም። ፋይሉ በሚዘጋበት ጊዜ ያልደረሰ ሲግናል ተንጠልጥሎ ከነበረ፣ እንዲህ ያለው መጠበቂያ ሳይጠብቅ ወዲያው ይመለሳል፤ ሪሊዝ የሚመልሰውን የስሕተት ቁጥር ደግሞ ከርነሉ አይመለከተውም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ዕድል የለም፤ ካርዱም ሳይቆም ባፈሩ ይለቀቃል። ተገቢው በሲግናል የማይቋረጥ፣ የጊዜ ገደብ ያለው መጠበቂያ ነው።

አምራቹ ይህን እስኪያስተካክል ድረስ በራሴ ማሽኖች ላይ የምጠቀመው ትንሽ ማሻሻያ እንዲህ ይሠራል፦ ሪሊዝ 2 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ካርዱ ካልመለሰ በፒሲአይ በኩል ወደ ማኅደረ ትውስታ የመጻፍ ፈቃዱን ይነሣዋል፤ ፈቃዱ መነሣቱን መልሶ ያነባል። መነሣቱ ከተረጋገጠ ባፈሩን ይለቃል። ካልተረጋገጠ 16ቱን ሜጋባይት ሆን ብሎ ሳይለቅ ይተወዋል፣ ቻናሉን የማይሠራ ብሎ ምልክት ያደርግበታል፣ በዲሜስግ (በከርነሉ የመልእክት ዝርዝር) ላይም ጉልህ መልእክት ይጽፋል፤ ፕሮሰሱም በሰላም ሞቶ ከዝርዝሩ ይወጣል። ማሻሻያው ከ40 መስመር አይበልጥም፤ ለአምራቹም ልኬዋለሁ። ካርዱን ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሦስተኛው ስሪት ከሚጠቀምበት ከርነል ጋር መገንባቱን ያረጋግጥ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስሪቶች የያዘ ደግሞ ዛሬውኑ ይተካቸው።